ከጋሼ መኪና የተሠራው የማገዶ ቤት

አሰብ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሣህሉ፣ ዓደን ወደብ ካለህበት ይድረስህ።

ልጄ ሣህሉ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? ባሕሩስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ። እመቤታችን መርከባችሁን ከማዕበል ትሰውርልኝ፣ አንተንም በሰው አገር ከክፉ ዓይን ትጠብቅልኝ። ይህን የምትጽፍልኝ እንደ ሁልጊዜው ጎረቤቴ መምህርት የሻሽወርቅ ናት። እሷም ሰላም ብላሃለች። መልክህን ባታውቀውም የእጅ ጽሕፈትህን ስታደንቅ ነው የምትውለው።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ማገዶ ነው። ባለፈው ነሐሴ ነፋሱ ከምድጃዬ የእሳት ፍንጣሪ አንስቶ የጎረቤት አጥር ላይ ጣለ። አጥሩ ሳይቃጠል ደረስንበት፣ ማንም አልተጎዳም። የቀበሌ ጓዶች ግን መጥተው ግቢዬን ዞረው አዩና በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ሜዳ ላይ የተከመረው ማገዶ እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ ጣሪያና ግድግዳ ያለው ቤት ካልገባ ምድጃዬ ይዘጋል። ሾፌሮቹ በቡሬ በኩል ወደ መሃል አገር ከመውጣታቸው በፊት የኔን ዳቦ ይዘው ነው የሚነሱት። ጋሼህ ወልደሚካኤል ካረፈ ወዲህ መበለት ሆኜ የኖርኩት በዚህ መሆኑን ታውቃለህ። ምድጃው ከተዘጋ እጄን አጣጥፌ መቀመጤ ነው።

እውነቱን ለመናገር ቤቱ ያስፈልገኝም ነበር። የባሕሩ እርጥበት ማገዶውን እያራሰው ጭሱ ዓይኔን ጨርሶታል።

ሰው ግን አላጣሁም። ሀብቴን አታውቀውም፣ አንተ ከሄድክ በኋላ ነው እዚህ የመጣው። ወደብ ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነው፣ የዳቦ ደንበኛዬ። እሱ አለቆቹን አስፈቅዶ ከመርከብ ዕቃ ሥር የሚነጠፈውንና ተሰባብሮ የሚጣለውን ሳንቃ እያጠራቀመልኝ ነው። አሮጌ በርሜሎችም አግኝቷል፣ ተቀድደው ከተደለደሉ ጣሪያ ይሆናሉ ይላል። ቸሩን ግን ታውቀዋለህ፣ የጋሼህ የመንገድ ጓደኛ። አሁንም እዚያው መንገድ ላይ ነው፣ ጸጉሩ ብቻ ነው የሸበተው። የተቀደደ ሸራ አለኝ ብሏል። በግመል ማገዶ የሚያመጣልኝ አሊ ሁመድም፣ የራሔይታ በኩል አፋር ነው፣ የግራር ምሰሶ መርጬ አመጣልሻለሁ ብሎኛል።

የቸገረን ግድግዳው ነው። ትናንት ሀብቴ ግቢው ጥግ የቆመውን የጋሼህን መኪና ዞሮ አየው። ሞተሩንና ጎማዎቹን ያኔውኑ እንደወሰዷቸው ታስታውሳለህ። የግራው ጎን ዶቢ ቁልቁለት ላይ ሲገለበጥ ደቅቋል፣ የቀኙ ስፖንዳ ግን፣ ያ የጎን ሳንቃው፣ ዛሬም ደህና ነው። ሀብቴ በጥፍሩ ፋቅ አደረገና «ይሄ የጽድ ሳንቃ ነው፣ ብቻውን ሁለት ግድግዳ ያቆማል» አለኝ። እኔ ወደ ምድጃዬ ተመለስኩ።

አንተ የመርከብ አናጢ ነህና ምከረኝ። ከእርጥበት እንዲድን እንዴት እንሥራው? ደግሞ እዚህ የሚሸጠውን የበር ማጠፊያ ዝገት በስድስት ወር ይበላዋል። የማይዝገውን፣ ያን ቢጫውን ነሐስ፣ እዚያ ካገኘህ ላክልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ደህንነትህን የምትናፍቅ አክስትህ ዓለምዘውድ


ዓደን፣ ኅዳር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ዓለምዘውድ።

አክስቴ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎንስ እንዴት አድርጎዎታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ምግቡን ለምጄዋለሁ፣ ሙቀቱም ከአሰብ አይብስም። ለመምህርት የሻሽወርቅ አክብሮቴን ይንገሩልኝ።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ደስ አለኝ። ስለ ቤቱ የሚታየኝን ልጻፍልዎ። ወለሉን ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ያድርጉት። በርሜል ግማሽ ላይ አስቆርጠው ድንጋይ ቢሞሉበት ጥሩ መሠረት ይሆናል። ጀርባውን ለነፋሱ ይስጡት፣ በሩ ወደ ምድጃው ይዙር። በሳንቃና በሳንቃ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዉ፣ ማገዶ የሚደርቀው በአየር ነው። እኛ መርከብ ላይ እንጨት ስንከምር የታችኛውን ረድፍ ወደ አንድ በኩል፣ የላዩን በተቃራኒው እናስተኛለን። እንዲህ ሲሆን አይንሸራተትም፣ አየርም ያልፍበታል። ጣሪያውን በሚስማር ብቻ አይመኑት፣ አሮጌ ጎማ ይጫኑበት። የአሰብን ነፋስ አልረሳሁትም።

ስድስት ማጠፊያ በይመር እጅ ልኬያለሁ። ይመር የወረኢሉ ልጅ ነው፣ አብረን ነው የምንሠራው። በዚያ በኩል ሲያልፍ ያደርስልዎታል።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። የጋሼን መኪና አይንኩት። ሳንቃ ካነሰ እኔ ከዚህ ፈልጌ እልካለሁ። ምክንያቱን አይጠይቁኝ፣ እንዲያው ባለበት ይቆይ።

እግርዎን የሚስም ልጅዎ ሣህሉ


አሰብ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ልጄ ሣህሉ፣ እንደምን አለህልኝ? የገና ጾም ሊፈታ ነው፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። የዓመት ሰው ይበለን።

ማጠፊያዎቹ ደርሰውኛል። ሀብቴ እያገላበጠ ሲያያቸው ቆየና እንደዚህ ያለ ነገር ለማገዶ ቤት ማድረግ ይቆጫል አለ። እኔ ደግሞ ለቤት ሳይሆን ለኔ ነው የተላከው አልኩት።

ሥራው ተጀምሯል። የሻሽወርቅ በተማሪ ማስመሪያ ለክታ ስድስት እርምጃ በአራት እርምጃ እንዲሆን በወረቀት ሣለችው። በርሜሎቹን እንዳልከው ቆርጠን ከባሕር ዳር ባመጣነው ድንጋይ ሞላናቸው። አሊ ሁመድ ስምንት ምሰሶ በሁለት ግመል አመጣ። ዋጋውን ስጠይቀው በዳቦ እንተሳሰባለን ብሎ ጥሎኝ ሄደ። ቸሩና ሀብቴ በሩ ወደ ውስጥ ይከፈት ወደ ውጭ በሚል ግማሽ ቀን ተከራከሩ። አሊ ሁመድ በትሩን አንስቶ ነፋሱ የሚመጣበትን አሳያቸውና ክርክሩ አለቀ። ወደ ውስጥ ይከፈታል።

ከወደብ የመጣው ሳንቃ ግን አንዱን ግድግዳ እንኳ በወጉ አልሞላም። ግማሹ ጨው የበላው ነው፣ ሚስማር ሲነካው ይሰነጠቃል። አንተ እልካለሁ ያልከውን እየጠበቅኩ ነው።

ይመርን ዳቦ አብልቼ ነው የሸኘሁት። ጨዋ ልጅ ነው። የመጣውም መርከባችሁ በኅዳር ማርያም ሰሞን እዚሁ ወደቡ ላይ ሦስት ቀን በቆመችበት ጊዜ ነው፣ አንተም አብረኸው እንደነበርክ ነገረኝ። አንተስ ለምን አልወረድክም ብዬ ብጠይቀው ሥራ በዝቶበት ነው አለኝ፣ ይህን ሲልም መሬት መሬት ነበር የሚያየው። ሥራ በዝቶብህ ይሆናል። ሰውነትህን ግን አትጉዳ።

መኪናውን አልነካነውም። ዶሮዎቼ ጋቢናው ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ፣ ከዚያ ሌላ ለማንም አይጠቅምም። ለምን እንደማይነካ ብትነግረኝ ደስ ይለኛል። ካልሆነም ሳንቃውን ቶሎ ላከው፣ የቀበሌው ቀን እየቀረበ ነው።

አክስትህ ዓለምዘውድ


አሰብ፣ ጥር 25 ቀን 1975 ዓ.ም.

ሣህሉ ልጄ፣ ደህና ነህ ወይ? ከገና ጀምሮ ፖስታ ቤት እየተመላለስኩ ነው። ደብዳቤም ሳንቃም አልመጣም። ታመህ እንዳይሆን ብዬ ሰጋሁ። ከዓደን የመጣ መርከብ ላይ የሚሠራ ሰው ሀብቴ ጠይቆልኝ ነበር፣ ደህና ነው፣ አይቼዋለሁ አለው። ተመስገን ብያለሁ።

የምነግርህን ስትሰማ እንዳትቀየመኝ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስቱንም ጠርቼ መኪናውን ፍቱት አልኳቸው። የቀበሌው ቀን አንድ ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር። ጎኑ ተከፍቶ የቆመ ቤት ይዤ ምን ልበላቸው?

ሀብቴ መቁረጫውን አመጣ። ብሎኖቹ ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሆነዋል፣ እያንዳንዱን በእሳት ነው የቆረጠው። ቸሩ የመጀመሪያውን ሳንቃ ጫፉን ይዞ አወረደ። ሁለተኛው ላይ መዶሻውን መሬት አስቀመጠና ሄዶ ጥላ ሥር ቁጭ አለ። የሻሽወርቅ አሞህ ነው ወይ ብላ ብትጠይቀው ፀሐዩ ነው አላት። ከዚያ ወዲያ አልተነሳም። አሊ ሁመድ በእሱ ቦታ ገባ፣ እኔም ነጠላዬን አሸርጬ የሳንቃውን አንድ ጫፍ ያዝኩ። ከባድ ነው። ጋሼህ ኮምቦልቻ አሠርቶት በመጣ ቀን እንዴት እንደኮራበት ትዝ አለኝ።

አሥራ አንድ ሳንቃ ወጣው። አረንጓዴ ቀለሙ ከውስጥ በኩል ዛሬም እንዳለ ነው። ሁለቱን ግድግዳ አቆመልን፣ ሀብቴ እንዳለው። የጋቢናው ላሜራም ለበሩ ሆነ። የተረፈውን ብረት ጋራዡ ወሰደው። ዶሮዎቼ ሁለት ቀን ቦታ አጥተው ሲንከራተቱ ሰነበቱ።

አሁን ያ ጥግ ባዶ ነው። ጠዋት ወጥቼ ባየሁት ቁጥር የሌላ ሰው ግቢ የገባሁ ይመስለኛል።

ቀበሌዎቹ ትናንት መጥተው አይተው ወረቀቱን ቀደዱልኝ። ምድጃው አይዘጋም። ይህን የሚያህል ደስታ ለብቻዬ ሆነብኝና ነው የምጽፍልህ። መልስ ስጠኝ።

አክስትህ ዓለምዘውድ


ዓደን፣ መጋቢት 11 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። ይመር በእጅዎ ብቻ እንዲሰጥዎ አደራ ብየዋለሁ። መሠረተ ትምህርት እንደገቡና ማንበብ እንደጀመሩ አምና ጽፈውልኝ ነበር። እባክዎ ጊዜ ቢወስድብዎም ብቻዎን ያንብቡት። መምህርት የሻሽወርቅ ጥሩ ሰው መሆናቸውን አውቃለሁ፣ ይህ ግን በእሳቸው አንደበት እንዲነገርዎ አልፈልግም።

አልታመምኩም ነበር። ሳንቃውም እዚህ ሞልቷል፣ ሳልክ የቀረሁት አጥቼ አይደለም። የመጨረሻው ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሥራ መያዝ አቃተኝ። ቸሩ መዶሻውን ለምን እንዳስቀመጠ እኔ ስለማውቅ ነው።

በ1968 ግንቦት፣ እኔ ረዳታቸው ሆኜ፣ ከኮምቦልቻ ቡና ጭነን ስንመጣ ጋሼን ሚሌ ላይ ወባው ተነሳባቸው። እንደር ብላቸው እንቢ አሉ፣ ቡናው መርከብ ያመልጠዋል አሉ። ሰርዶን እንዳለፍን መሪው እየተንቀጠቀጠባቸው መጣ። ያኔ አቁመው ወደ እኔ ወንበር ተሻገሩና ብርድ ልብስ ተከናንበው «ቀስ ብለህ ንዳ። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስትደርስ ቀስቅሰኝ» አሉኝ።

አልቀሰቀስኳቸውም።

ረስቼ አይደለም። አፋፉን አየሁት፣ አወቅሁትም። ዶቢን ራሴ አወርደዋለሁ ብዬ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ መኪናው በእጄ ሲታዘዝ ልቤ አበጠ። ታች ደርሰን ሲነቁ አይተው እንዲገረሙልኝ ፈለግሁ። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ፍጥነቱ ከእጄ ወጣ። ከዚያ በኋላ የማውቀው ቸሩ ክንዴን ይዞ ሲጎትተኝ ነው። እሱ ከኋላችን ነበር የሚመጣው።

ፖሊስ ማን ነበር የሚነዳው ሲለኝ ጋሼ ናቸው አልኩ። መንጃ ፈቃድ አልነበረኝም፣ ፈራሁ። ቸሩ አጠገቤ ቆሞ ሰማኝ፣ አላጋለጠኝም። ለቅሶው ላይ ደግሞ ሰው «ጠጥቶ ነው፣ ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ በደህናው አይገለበጥም» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። እርስዎ አጠገቤ ነበሩ። ጋሼ በመንገድ ላይ አንድ ጠብታ እንደማይቀምሱ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ።

በዓመቱ መርከብ የገባሁት ለዚህ ነው። መርከባችን ከዚያ ወዲህ አሰብ ሦስት ጊዜ ቆማለች። ሦስቱንም ጊዜ ከመርከቡ ላይ ሆኜ ሰፈራችንን ካምቦ ሱዳንን ሳይ ውዬ ሳልወርድ ቀረሁ። መኪናው ግቢዎ ውስጥ እስካለ ድረስ አንድ ቀን መጥቼ እዚያው አጠገቡ እናገራለሁ እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። አይንኩት ያልኩዎት ስለዚህ ነው።

ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ አፍ የለኝም። እንዲያውቁት ብቻ ነው።

ሣህሉ


አሰብ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

ሣህሉ።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ፊደሌ ከተጣመመ ታገሠኝ። ደብዳቤህን ይመር በእጄ ሰጠኝ። ለማንበብ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ። ማንንም አላሳየሁም።

አውቅ ነበር። ቸሩ በጋሼህ ሰባት ቀን ነገረኝ። ልጁን ያወጣሁት ከመሪው በኩል ነው፣ ወልደሚካኤል በረዳቱ ወንበር ብርድ ልብስ እንደተከናነበ ነበር አለኝ። ለፖሊስ ልናገር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይሆንም አልኩት። ያስሩህ ነበር። እናትህ ካንተ ሌላ ልጅ የላትም። ቸሩም ቃሉን ጠበቀ።

አልዋሽህም። የመጀመሪያውን ዓመት ጠልቼህ ነበር። በመሪው አይደለም። መሪውንማ ራሱ ነው የሰጠህ። ወባው ሲነሳበት ካንተ በፊት ለነበረውም ረዳት ይሰጥ ነበር፣ ስንት ጊዜ ተጣልቼዋለሁ። የጠላሁህ ጠጥቶ ነው ሲሉ ዝም ስላልክ ነው። ለኔ ብቻ ብትነግረኝ እኔው እሸፍንህ ነበር። ማታ ማታ አብረን ራት ስንበላ ዛሬ ይነግረኛል እል ነበር። ሳትነግረኝ መርከብ ገባህ።

ደብዳቤ ስትጽፍልኝ ደግሞ የሚያነብልኝም የሚጽፍልኝም ሰው ሆነ። በሰው እጅ ይህን እንዴት ብዬ ልጻፍ? ፊደል ልቁጠር ብዬ በዚህ ዕድሜዬ ከልጆች ጋር ወንበር ላይ የተቀመጥኩት አንድም ለዚህ ነው።

አልቀሰቀስኩትም ያልከውን ግን አላውቅም ነበር። ቸሩም አያውቀውም። እሱን ሳነብ አለቀስኩ። አለቀስኩና ተነስቼ ሊጥ አቦካሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ማግሥቱን ስነቃ ልቤ ውስጥ ፈለግሁት፣ ቂም አላገኘሁበትም። ሰባት ዓመት ረጅም ነው። አንተም ያኔ ልጅ ነበርክ።

አሁን አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ሳንቃ አልፈልግም። ማጠፊያ አልፈልግም። ሾፌሮቹ ጠዋት ጠዋት ምድጃዬ ዘንድ ይሰበሰባሉ፣ ከነሱ ውስጥ ያኔ የነበሩ አምስት ስድስት ሰዎች ዛሬም አሉ። ወልደሚካኤል ጠጥቶ እንዳልነበረ መጥተህ በአፍህ ንገራቸው። እኔ ብናገር ሚስቱ ናት ይላሉ። ቸሩ ቢናገር ጓደኛው ነው ይላሉ። ያንተን ያምናሉ።

መርከባችሁ ስትመጣ ውረድ።

ዓለምዘውድ


ዓደን፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1975 ዓ.ም.

አክስቴ፣

በእጅዎ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ብዙ የምጽፈው የለኝም። ጨው ልንጭን ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት አሰብ እንገባለን። የመውረጃ ፈቃድ ጠይቄ ለግማሽ ቀን ተሰጥቶኛል። እንደ ፈቃድዎ አደርጋለሁ። ቸሩን ፊት ለፊት ማየት ነው የምፈራው።

ሣህሉ


አሰብ፣ ግንቦት 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

ሣህሉ፣ ደብዳቤህ ደረሰኝ። የወደቡ በር ላይ የሚቀበልህ ሰው አልልክም፣ መንገዱን ታውቀዋለህ። ቸሩ ጭነቱን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ያን ሳምንት እዚሁ ይሰነብታል። የምትፈራው ከሆነ፣ ነገሩን የነገረኝ እሱ ነውና እሱም አንተን እንደሚፈራህ እወቅ።

ጫማህን ተጫምተህ ና፣ ግቢው የብረት ስብርባሪ አለበት።

ዓለምዘውድ


ዓደን፣ ሰኔ 10 ቀን 1975 ዓ.ም.

ውድ አክስቴ፣

በሰላም ገብተናል። ባሕሩ እንደ ዘይት ተኝቶ ነው የመጣነው። የሰጡኝን ዳቦ መርከቡ ላይ ያሉት ሁሉ ተካፍለውት እኔ ሳልጠግብ አለቀ። ጉልበትዎንስ እንዴት ይዞዎታል?

እርስዎ ፊት የሆነውን መልሼ አልጽፍም። ሁለት ነገር ግን አላዩምና ልንገርዎ።

የመጀመሪያው፣ ስመጣ ቤትዎን አልፌው ሄጄ ነበር። ካምቦ ሱዳን ስገባ ዓይኔ የሚፈልገው ያንን መኪና ነበር። ሲያጣው መንገድ የተሳሳትኩ መሰለኝና እስከ መስጊዱ ድረስ ወርጄ ተመለስኩ። አጥሩ ጋ ስደርስ ሾፌሮቹ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ቸሩ ከሩቅ አየኝ። ብድግ ብሎ መጣና ያኔ ይዞ ያወጣኝበትን ክንዴን ያዘው። እጁ ከብዷል፣ አርጅቷልም። «ወልደሚካኤልን ልትናገርለት ነው የመጣኸው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እንግዲያው ና፣ አጠገብህ እቆማለሁ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰምተዋል። «ጋሼ አልጠጡም፣ የነዳሁት እኔ ነኝ» ያልኩት ያን ያህል አጭር መሆኑ ለራሴም ገረመኝ። ሰባት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ተናግሬ ስጨርሰው ሻያቸው እንኳ አልቀዘቀዘም ነበር። የምፈራው ስድብ ነበር። አንድም ሰው አልሰደበኝም። ያ ሸምገል ያለው ሾፌር ኮፍያውን አውልቆ «ነፍሱን ይማረው፤ እኛም ያላየነውን አውርተናል» ሲል እርስዎን ነበር የማየው። ጀርባዎን ሰጥተው ሊጥ ይከፍሉ ነበር። እጅዎ ለአፍታ ቆመና መልሶ ቀጠለ።

ከዚያ ሳይዞሩ ማገዶ አምጣልኝ አሉኝ።

ሁለተኛው ይህ ነው። የማገዶ ቤቱን በር ከፍቼ ገባሁ። ከውጭው ይቀዘቅዛል። ግራሩ እንደነገርኩዎት ተሰባጥሮ ተከምሯል፣ ደርቋል፣ አንዱን በአንዱ ባጋጨው እንደ ሸክላ ጮኸ። በክፍተቶቹ ብርሃን ይገባል። አረንጓዴው ቀለም ከውስጥ በኩል ነው ብለው ጽፈውልኝ ነበር። አየሁት። እጄን አሳረፍኩበት። ጭነት ስንጭን ስንት ጊዜ ትከሻዬን አስደግፌበታለሁ። ያኔ ከኋላዬ ሆነው «ቀስ፣ ጣትህን» ይሉኝ ነበር ጋሼ። እዚያው ግራሩ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። በለቅሶው ጊዜ አላለቀስኩም ነበር፣ ለሰው መስሎ መታየት ከብዶኝ። አሁን ግን ማንም አላየኝም። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ውጭ ሾፌሮቹ ስለ መንገድ፣ ስለ ጎማ ሲያወሩ ይሰማኛል፣ ወሬያቸውን ቀጥለዋል። መውጣት አቃተኝ። እንዴት አድርጌ ፊታቸው እንደምወጣ አስብ ነበር።

ያኔ ነው ከምድጃው በኩል የጠሩኝ። «ሣህሉ፣ እሳቱ ሊጠፋ ነው» አሉ፣ ልክ እንደ ዱሮው፣ ቆጣ ብለው።

ተነሳሁ። ክንዴ የቻለውን ያህል ታቅፌ ወጣሁ። ያ ሸምገል ያለው ሾፌር ከበርጩማው ተነስቶ ከላይ ግማሹን ወሰደልኝና አብረን ወደ እርስዎ ይዘንልዎ መጣን።

በሚቀጥለው ጉዟችን እስክንገናኝ ጤና ይስጥልኝ።

ልጅዎ ሣህሉ